«ይቺ አናቤት አይደለችም»

በዲሴምበር 2023 አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ሜሪላንድ እህቴ ቤት፣ ሦስት ሆነን ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን፤ እኔ፣ እህቴ እና ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ የነበረው ልጇ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በማግሥቱ ትምህርት ስላለ እህቴ ታጉረመርማለች። ልጅቷ ግን አትሰማም። ጭኗ ላይ ሽፋኑ የተላላጠ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ላይ ደግሞ አንድ ደብተር አስቀምጣለች። የደብተሩን ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ከፍላዋለች። በግራ በኩል «ልክ ነው»፣ በቀኝ በኩል «ቀይረውታል» ብላ ጽፋለች። በአማርኛ የጻፈችው እኔን ለማስደሰት ነው፤ «ቀይረውታል» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች።

የምንጠብቀው «ፐርሲ ጃክሰን እና ኦሊምፒያኖቹ» የተባለውን የዲዝኒ ፕላስ ተከታታይ ፊልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች የወጡት በዚያ ምሽት ነው። ዲዝኒ በኋላ እንዳስታወቀው የመጀመሪያው ክፍል በስድስት ቀን ውስጥ ብቻ 13.3 ሚሊዮን ጊዜ ታይቷል። ከተመልካቾቹ መካከል ደብተር ይዛ የተቀመጠችው የእህቴ ልጅ ብቻ እንዳልነበረች እርግጠኛ ነኝ።

ታሪኩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፐርሲ ጃክሰን የኒውዮርክ ልጅ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ሁለት። ትምህርት አይሆንለትም። ሲያነብ ፊደሎቹ ገጹ ላይ ይዋኙበታል፤ አርፎ መቀመጥ አይችልም፤ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይባረራል። አንድ ቀን አባቱ የጥንት ግሪኮች የባሕር አምላክ የሚሉት ፖሲዶን መሆኑን ያውቃል። ፊደል የሚዋኝበት አእምሮው የተሠራው ለጥንት ግሪክኛ ስለሆነ ነው። አርፎ የማይቀመጠውም ሰውነቱ ለውጊያ ስለተዘጋጀ ነው። ከዚያ የዜውስ መብረቅ ይሰረቃል፤ ሌባ ተብሎ የሚጠረጠረው ፐርሲ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ ከአናቤት እና ከግሮቨር ጋር፣ መብረቁን ፍለጋ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል።

ደራሲው ሪክ ሪዮርደን አስተማሪ ነበር። ልጁ ዲስሌክሲያ እና ኤዲኤችዲ ነበረበት፤ ማለትም ማንበብም፣ ትኩረት ሰብስቦ መቀመጥም ይከብደው ነበር። አባትየው ማታ ማታ የግሪኮችን ተረት ይነግረዋል። ተረቶቹ ሲያልቁበት ልጁ «አዲስ ፍጠርልኝ» ብሎ ለመነው፤ ፐርሲ የተወለደው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2005 ታተመ። ድክመት የተባለው ነገር ጉልበት ሆኖ የሚገኝበትን መጽሐፍ ልጆች ለምን እንደሚወዱት መገመት አያስቸግርም። የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ሳለ ማንበብ ትጠላ ነበር። ከዚህ መጽሐፍ በኋላ መብራት አጥፊ ማለት የእህቴ የዕለት ሥራ ሆነ።

እኔ ግን ፐርሲን ያወቅሁት በሌላ መንገድ ነው። በ2010 በክሪስ ኮለምበስ የተሠራው ፊልም ሲወጣ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከሰፈራችን ዲቪዲ ቤት ተከራይቼ አየሁት፤ ወደድኩትም። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ ከመጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ስነግራት፣ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት ይሠራል ያልኳት ይመስል ነበር ያየችኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊልሙ የአሥራ ሁለት ዓመቶቹን ልጆች ወጣቶች አድርጓቸዋል። ሪዮርደን ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ለአዘጋጆቹ «ዕድሜያቸውን ካሳደጋችሁት መጽሐፉን የሚወዱትን ልጆች ታጣላችሁ» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ በኋላ ራሱ በድረ ገጹ አውጥቶታል። አልሰሙትም። አንባቢዎቹም ተቆጡ። አናቤት መጽሐፉ ላይ ፀጉሯ ወርቃማ ነው፤ የፊልሟ ተዋናይ ግን ጠቆር ያለ ፀጉር ነበራት። ስለዚህ ፀጉር የተጻፈው ቅሬታ ብዛት! በ2013 ሁለተኛው ፊልም ሲመጣ ያቺው ተዋናይ ፀጉሯን ወርቃማ አድርጋ ቀረበች። ሦስተኛ ፊልም ሳይሠራ ቀረ።

እኔ መጽሐፉን ሳላነብ ስላየሁት ምንም አልጎደለብኝም። ቁጣው የሚመጣው ቀድሞ ከወደደ ሰው ነው። በሥራዬ ይህን በየጊዜው አየዋለሁ። እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ፤ አንድ አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ ቋንቋ እንደገና ስንጽፍ አንዲት ቁልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ብትዛወር የሚጮኸው ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ዓመት አንዴ የሚከፍተው ሰው መቀየሩን እንኳ አያውቅም።

ወደ ተከታታዩ ፊልም እንመለስ። በዚህኛው ሪዮርደንና ባለቤቱ ከዋናዎቹ አዘጋጆች መካከል ናቸው፤ ልጆቹም በእርግጥ ልጆች ሆኑ። በሜይ 2022 አናቤትን የምትጫወተው ሊያ ጄፍሪስ መሆኗ ታወቀ። ሊያ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ልክ እንደ አናቤት። ከዚያ የመጣውን ታስታውሱት ይሆናል። በፀጉር ቀለም የጀመረው ቅሬታ አሁን የቆዳ ሆነ። ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ለአንዲት ሕፃን የስድብ መልእክት ጻፉ። ሪዮርደን በቀናት ውስጥ መልስ ሰጠ። ልጅቷ የተመረጠችው ለሚናው ከሁሉ በላይ ስለተስማማች እንደሆነ፣ አናቤትም እሷ እንደሆነች፣ ሕፃን ልጅን ማሸማቀቅ ደግሞ ነውር እንደሆነ አጥብቆ ጻፈ።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስለነበር ሶፋው ላይ የተቀመጥኩት ጠበቃ ሆኜ ነው።

ሦስተኛው ክፍል የወጣው ከፈረንጆች ገና ማግሥት ነበር። ፀጉሯ እባብ የሆነችው፣ ያየችውን ሁሉ ድንጋይ የምታደርገው ሜዱሳ የምትመጣበት ነው። ልጆቹ በሯ ላይ ገና ሲደርሱ ማን እንደሆነች አወቁ። የእህቴ ልጅ እርሳሷን ጣለች።

«ይቺ አናቤት አይደለችም» አለች።

እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። ቀለም ምንም እንዳልሆነ፣ እሷ ራሷ ጥቁር ልጅ ሆና እንዲህ ማለቷ እንደሚያሳዝን፣ በእኔ ልጅነት ቴሌቪዥን ላይ እኛን የሚመስል ጀግና አለመኖሩን፣ ብዙ ብዙ ተናገርኩ። አማርኛዬም ፈጣን ስለነበር ግማሹ አልገባትም። የገባት ግማሽ ግን በቃት። ደብተሯን ዘግታ ወደ ክፍሏ ሄደች። እህቴ ሪሞቱን አንስታ አቆመችው፤ «ጠይቀሃት ነበር?» አለችኝ።

አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ሳሎን የቀረውን መጽሐፍ ወሰድኩት። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው በባቡር ውስጥ የልጆች መጽሐፍ ይዞ ሲታይ ትንሽ ያፍራል፤ ከምዕራፍ ሦስት በኋላ ግን ማፈሬን ረሳሁት። ሜዱሳ ጋ ስደርስ የልጅቷ ቁጣ ገባኝ። መጽሐፉ ላይ ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ደክሟቸዋል። የሃምበርገር ሽታ ይስባቸዋል። ፊቷን የሸፈነች ደግ ሴትዮ ታስተናግዳቸዋለች። እኛ አንባቢዎች «ተነሱ፣ ውጡ!» እያልን እነሱ ይበላሉ። ሁሉን የምታውቀው አናቤት እንኳ የምትነቃው ዘግይታ ነው። ብዙ ተመልካቾች የተከታታዩን ፊልም የወቀሱት በዚህ ነበር፤ ልጆቹ ወጥመዱን ገና ሳይገቡበት በስሙ ይጠሩታል። ያወቁትን ወጥመድ ምን ያስፈራል?

ወደ ላስ ቬጋስ ሲደርሱ ደግሞ አንድ ሆቴል አለ፤ ሎተስ ይባላል። የገባበት ሰው ጊዜን ይረሳል። አናቤት እዚያ ያገኘችው የራሷን ከተማ የምትገነባበት ጨዋታ ነው። ይቺ ሊቅ፣ አርክቴክት የመሆን ሕልም ያላት ልጅ፣ ሕንፃ ስትደረድር ጓደኞቿንም ጉዞዋንም ትረሳለች። ከዚያ ሆቴል ሲወጡ ያለፈው አምስት ቀን ነው። እዚህ ገጽ ላይ የእህቴ ልጅ በእርሳስ አንዲት ትንሽ ቤት ሥላለች። በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ከተማ ስትገነባ እራት የምትረሳ ልጅ ናት። «ይቺ አናቤት አይደለችም» ያለችው ስለዚህ ነበር። የእሷ አናቤት የምትሳሳት አናቤት ናት።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። እንደ ብዙ አጎቶች ግን ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግሁም፤ የምወስድላት ነገር ፈለግሁ። ስለዚህ ፐርሲ ስሙን ስላገኘበት ስለ ጥንቱ ፐርሴየስ ማንበብ ጀመርኩ። ፐርሴየስ የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ ከባሕር ዳር ዓለት ጋር በሰንሰለት የታሰረች ልጅ ያያል፤ አንድ የባሕር አውሬ ሊበላት ነው። ያድናታል፣ ያገባታልም። ስሟ አንድሮሜዳ ነው። አባቷ ንጉሥ ሴፊየስ፣ እናቷ ንግሥት ካሲዮፒያ። የየት አገር? ግሪኮቹ እንደጻፉት የኢትዮጵያ።

ቶሎ እንዳንፎክር አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር፤ ቃሉም ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሕዝብ እንደማለት ነው። ከዛሬዋ ኢትዮጵያ ካርታ ጋር አንድ አይደለም። አንዳንድ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም የአንድሮሜዳን ዓለት ያፋ ከተማ፣ በዛሬዋ እስራኤል የባሕር ዳርቻ ያደርጉታል። ሆኖም ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ልጅቷ በአገሯ ቀለም የጠቆረች እንደነበረች ጽፏል። አሁን ደግሞ የአውሮፓን ሥዕሎች ተመልከቱ። ለንደን የሚገኘው የቲሺያን አንድሮሜዳ ነጭ ናት። የሩበንስም ነጭ ናት። ለዘመናት እንዲህ ተሣለች። ወርቃማዋን አናቤት «ለምን ቀየራችሁብን» ብለው የጮኹት ሰዎች ስለዚህኛዋ ሲጮኹ አልሰማሁም።

በጃንዋሪ መጀመሪያ የእኛ ገና ደረሰ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ምሳ ተበልቶ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ እናቴ የልጅቷን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አየችው። «ሚጣዬ፣ ይሄ ሁልጊዜ የምታነቢው ምንድን ነው? እስቲ ንገሪኝ» አለቻት።

ልጅቷ እኔን አላየችኝም። ወደ አያቷ ዞራ «ተረት ተረት» አለች። አያቷም እንደ ደንቡ መለሰችላት።

«አንድ ልጅ ነበረ። ግማሽ ሰው ነው። ግማሹ አምላክ...»

«በስመ አብ!» አለች እናቴ አማትባ። «አምላክማ አንድ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። «እሺ። አባቱ የባሕር ንጉሥ ነው።»

«እንዲያ በይኝ። ቀጥይ።»

ቀጠለች። አማልክቱ ሁሉ ነገሥታት ሆኑ። የኦሊምፐስ ተራራ ቤተ መንግሥት ሆነ። ግማሽ ፍየል የሆነው ግሮቨር እግሩ እንደነበረ ቀረ፤ እናቴ ስለ ፍየል እግር ምንም ተቃውሞ አልነበራትም። የፐርሲ እናት ስትጠፋ ግን እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ በየመሀሉ «እናቱስ? ተገኘች?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ልጅቷም እናትየውን መጽሐፉ ላይ በሌለችበት ቦታ ሁሉ ማስገባት ጀመረች፤ ፐርሲ በየሄደበት ያስባታል፣ ያለቅስላታል። ቃል ሲጠፋት እህቴን እያየች «መብረቅ ምን ነበር?»፣ «እባብ በብዙ ምን ይባላል?» ትላለች።

ሜዱሳ ጋ ደረሰች። «ፀጉሯ እባቦች ናቸው። ያየችው ሰው ድንጋይ ይሆናል። አንዲት ንግሥት ናት እንደዚህ ያደረገቻት፤ ለቅጣት።»

«ምን አድርጋ?»

መጽሐፉ ይህን በሁለት ሦስት ቃል ነው የሚያልፈው። ተከታታዩ ፊልም ግን ሜዱሳን አስቀምጦ ያናግራታል፤ በዳዮቿን ትናገራለች፣ ለምን ብቻዋን እንደተቀጣች ትጠይቃለች። የእህቴ ልጅ ደብተር ውስጥ ይህ ቦታ «ቀይረውታል» በሚለው በኩል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት እንደተጻፈ አውቃለሁ። አሁን ግን አያቷ መልስ እየጠበቀች ነው።

«ምንም አላደረገችም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «የባሕሩ ንጉሥ እወድሻለሁ አላት። ንግሥቲቱ ተናደደች። ከዚያ እሷን ቀጣቻት።»

«ወንዱንስ ማን ቀጣው?»

«ማንም።»

«የባሕሩ ንጉሥ ማለት... የዚያ ልጅ አባት ነው?»

«አዎ።»

እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልጅቷ ዝም ብላ መጽሐፉን አየችው፤ ከዚያ ቀጠለች።

ተረቱ ሲያልቅ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። እናቴ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። «የድሮው ጀግና የኛን ልጅ ነው ያገባው?»

«እንደ ግሪኮቹ አባባል።»

«እንግዲያው አማቻችን ነዋ!»

የእህቴ ልጅ ሳቀች፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድሮሜዳ የሚለውን ስም ታውቀዋለች፤ በሁለተኛው መጽሐፍ ጠላቶቹ የሚጓዙበት ትልቅ መርከብ ስም ነው። መርከቡ በሰው ስም መጠራቱን እንጂ ልጅቷ ከየት እንደሆነች አታውቅም ነበር። አያቷን «አማች ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ እሱን ማስረዳት ከሜዱሳ ረዘመ።

ማታ ሳህን ስናጥብ ይቅርታ ጠየቅኋት። «የቆዳዋን ቀለም መስሎኝ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እኔ እኮ ፎቶዋን መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። እማዬን ጠይቃት፤ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው ነበር። በኋላ ግን ሁሉም ሰው መውደድ አለብሽ አለኝ። ትምህርት ቤትም፣ አንተም። ጓደኛዬ ፀጉሯ ብሎንድ ነው፤ እሷ ፊልሙ አሰልቺ ነው ስትል ማንም ምንም አላላትም።»

በእጄ ሳህን ይዤ ቆምኩ። ለዚህ ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረኝም።

አራተኛውን ክፍል አብረን አየነው። ልጆቹ ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው፣ 192 ሜትር ከሚረዝመው ትልቅ ቅስት ደረሱ፤ አናቤት ስለ አሠራሩ ማብራራት ጀመረች። የእህቴ ልጅ በግራው በኩል «ልክ ነው» በሚለው ሥር የሆነ ነገር ጻፈች፤ ጎኑ ላይም ኮከብ ሣለችበት። ምን እንደሆነ አላሳየችኝም።

በጃንዋሪ አጋማሽ ስድስተኛው ክፍል ወጣ፤ የሎተሱ ሆቴል ያለበት። እናቴም አብራን አለች፤ ምንም ባይገባትም አማቿን ለማየት ነው። መጽሐፉን ካነበብኩ ወዲህ ይህን ክፍል ስጠብቅ ነበር። ልጆቹ ገቡ። መብራቱ፣ ጨዋታው፣ ሕዝቡ አለ። አናቤትና ፐርሲ ግን ሊጫወቱ አልመጡም፤ ሄርሜስን ፍለጋ ነው። ጊዜው አለፈ። መጽሐፉ ላይ አንድ ቀን ተርፏቸው ነበር የሚወጡት፤ እዚህ ግን የተቀጠረላቸው ቀን ራሱ አልፎባቸዋል። እኔ እጠብቃለሁ። ሆቴሉን ለቀው ወጡ።

«ከተማዋስ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። «ከተማውን አልሠራችም እኮ! እሱ ነው ዋናው ነገር! እንዴት እሱን ይተዉታል? ያቺ ልጅ ያለዚያ ከተማ...»

የእህቴ ልጅ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። እናቴ «ምን ሆነ? እናቱ ሞተች?» ትላለች።

ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ፣ በቀኝ በኩል ባዶ መስመር ፈልጋ፣ እርሳሱን ሰጠችኝ።

«ጻፈው» አለችኝ። «በአማርኛ።»